ማን ቀረ?



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ ጠፋው በግ በተናገረው ምሳሌ ውስጥ (ሉቃ. 15፡3-7) ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ነገር አለ። ከመቶ በጎች አንዱ ቢጎድል የቀሩት ዘጠና ዘጠኙ ዓይን ይሞላሉ፤ ከሩቅ ለሚመለከት ሰው መንጋው ሙሉ ነው። ጉድለቱን የሚያውቅ የሚወድ ብቻ ነው። ያ መልካም እረኛ ወደ ምድረ በዳ ከመውጣቱና የጠፋውን በትከሻው ከመሸከሙ በፊት በልቡ «ማን ቀረ?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ፍለጋው ሁሉ የተጀመረው ከዚህ አጭር ጥያቄ ነው።

ይህን ጥያቄ እኛ በዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት አልተማርነውም። ያስተማረን ታላቅ ወንድማችን ነው። ወንድማችን ማንበብና መጻፍ አያውቅም፤ እስከ አምስት እንኳ ሲቆጥር ሦስትን ይዘላል። ይሁን እንጂ እኛ አምስቱ ልጆች ባደግንበት ቤት ውስጥ ከመካከላችን ማን እንደ ጎደለ ሳያውቅ የመሸበት ቀን አልነበረም። ወንድማችን ሐኪሞች «ዳውን ሲንድረም» ከሚሉት የተፈጥሮ ሁኔታ ጋር የተወለደ ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ እርሱ ጥቂት ልናካፍላችሁ ከእኅቶቻችንና ከታናሽ ወንድማችን ጋር ተመካክረን ተስማምተናል።

የልደቱ ቀን

በ1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ ጉለሌ ውስጥ ሲወለድ በሰፈራችን ለሁኔታው ስም የሚያውቅለት ሰው አልነበረም። ዓይኖቹ ወደ ላይ ሰልከክ ያሉ ነበሩ፤ ሰውነቱ ልል፣ አንገቱም ቶሎ የማይጸና ነበር። አራስ ጥየቃ የመጡት ጎረቤቶች ገንፎውን ቀምሰው ሲወጡ «ወላጆቹ ምን በድለው ይሆን?» እየተባባሉ እንደ ነበር እናታችን በኋላ ነግራናለች። የበለጠ ያሳዘናት ግን የእነርሱ ቃል ሳይሆን እርሷ ራሷ ሌሊት እየተነሣች ያንኑ ጥያቄ መጠየቋ ነበር። አንድ እሑድ ግን ስለ ዕውሩ የተጻፈው ወንጌል (ዮሐ. 9) ሲነበብ ሰማች። ደቀ መዛሙርቱም እንደ ጎረቤቶቻችን ኃጢአቱ የማን እንደ ሆነ ጠይቀው ነበር፤ ጌታም የእርሱም የወላጆቹም አይደለም ብሎ መለሰላቸው። እናታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄውን ተወችው። «ጌታ የዘጋውን መዝገብ እኔ አልከፍትም» ትል ነበር።

ሳይንስም በራሱ መንገድ ይህንኑ መዝገብ ዘግቶታል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዤሮም ለዠን ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1959 እንዳስታወቀው፣ በአብዛኛው ሰው የሰውነት ሕዋስ ውስጥ 46 ክሮሞዞሞች ሲኖሩ ዳውን ሲንድረም ያለበት ሰው 47 አለው፤ 21ኛው ክሮሞዞም በሁለት ፈንታ ሦስት ይሆናል። ይህም ወላጆች በሠሩት በደል፣ በሰው ዓይን ወይም በእርግማን የሚመጣ አይደለም። ለዠን ጽኑ ካቶሊካዊ ነበር። ሕፃናቱን ለመርዳት ያደረገው ግኝት እነርሱን ከመወለዳቸው በፊት ለይቶ ለማስወገድ ሲውል ባየ ጊዜ እጅግ አዝኖ፣ ዕድሜውን ሁሉ ስለ እነርሱ ሲሟገት ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1994 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ጳጳሳዊውን የሕይወት አካዳሚ ሲመሠርቱ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አድርገው ሾሙት፤ በዚያው ዓመት በትንሣኤ እሑድ ዐረፈ። ቤተክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2021 ክቡር ብላ ሰይማዋለች።

ጋሼ

በቤታችን አንድ የማይጣስ ሕግ ነበር። እኛ ታናናሾቹ ታላቅ ወንድማችንን በስሙ መጥራት ፈጽሞ የተከለከልን ነበርን፤ ስሙ ለእኛ «ጋሼ» ነበር። የሰፈር ልጆች ይስቁብን ነበር። ከእኛ አንዱ በአእምሮ እንደሚበልጠው ተሰምቶት በስሙ የጠራው ቀን እናታችን ከምድጃው ቀና ብላ «ከአንተ በፊት የመጣ ሰው ነው፤ ማኅፀኔን የከፈተልህ እርሱ ነው» አለችው። ከዚያ በኋላ የደገመ የለም። ምግብ ሲቀርብ እጅ የምናስታጥበው በዕድሜ ቅደም ተከተል ነበር፤ ከአባታችንና ከእናታችን ቀጥሎ ማንቆርቆሪያው ወደ ጋሼ ይዞር ነበር። እርሱም እጁን ዘርግቶ በታላቅ ክብር ይታጠብና ለአስታጣቢው እንደ ሽማግሌ «እደግ» ይል ነበር።

ሥራም ነበረው። እናታችን ቡና ስትቆላ ጎረቤቶችን ዞሮ የሚጠራው እርሱ ነበር። አንደበቱ ይይዘው ስለ ነበር «ቡና» የሚለውን ቃል እንኳ በቅጡ የሚሰሙት የለመዱት ብቻ ነበሩ፤ እንግዳ ሰው ግን በደስታው ብዛት መጋበዙን ያውቅ ነበር። ሁሉም ተሰብስበው ሲቀመጡ ወንድማችን በበሩ ቆሞ ፊታቸውን አንድ በአንድ ይመለከትና «ማን ቀረ?» ይላል። የታመመች አሮጊት ወይም የተጣላ ጎረቤት ከሌለ፣ እርሱ ሳይነግረን በፊት ያስተዋልንበትን ጊዜ አናስታውስም። አባታችን ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሥራ በዝቶባቸው ሲያመሹ እርሱ መሶቡ እንዳይከፈት በክንዱ ይዞ ይጠብቃቸው ነበር። እኛ በረሃብ እየተቁነጠነጥን እናማርረው ነበር።

ከመካከላችን አንዱ በ1984 ዓ.ም. ወደ ንኡስ ዘርዐ ክህነት በገባ ጊዜ ወንድማችን ነገሩን ሊቀበለው አልቻለም። በየምሽቱ በመሶቡ ዙሪያ የወንድሙን ቦታ ክፍት አድርጎ ከእንጀራው ጠርዝ እየቆረሰ ያስቀምጥለት ነበር። እናታችን ቁራሾቹን ላለመጣል አድርቃ አስቀመጠቻቸው። ልጁ ለእረፍት ሲመለስ ጋሼ እጁን ይዞ ወስዶ አንድ ሙሉ ከረጢት ድርቆሽ አሳየው። የናፍቆት ደብዳቤው ያ ነበር፤ እኛም እስከ ዛሬ ከተቀበልናቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ያንን የሚያህል አላገኘንም።

የመጀመሪያ ቁርባኑም ታሪክ አለው። ዕድሜው ዐሥራ አምስት ሞልቶ ሳለ «አይገባውም» በሚል ምክንያት ትምህርተ ክርስቶስ አልተሰጠውም ነበር። እናታችን ግን እጁን ይዛ ወደ አንድ አረጋዊ ካህን ወሰደችው። ካህኑ በባዶው ቤተክርስቲያን ውስጥ አስቀምጠው፣ ይሰማ እንደ ሆነ ሊያውቁ ፈልገው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጠይቁት ጀመር። ወንድማችን ደነገጠና ጣቱን በከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም እንዲሉ ምልክት ሰጣቸው፤ ቀጥሎም ቅዱስ ቁርባን በተቀመጠበት ፊት የሚነደውን ቀይ መብራት አመለከታቸው። አረጋዊው ጥቂት ዝም ብለው «ከዚህ በላይ እኔም አላውቅም» አሉ። በ1979 ዓ.ም. የመጀመሪያ ቁርባናችንን የተቀበልነው ከእርሱ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ተርታ ቆመን ነው።

ይህን ስንናገር «በእውነት መልአክ ነው» የሚሉን አሉ። በቅንነት እንደሚሉት እናውቃለን፤ ነገር ግን አንስማማም። ጋሼ መልአክ አይደለም። ግትር ነው፤ ካልፈለገ መንገድ መካከል ተቀምጦ ቅዳሴ ያስረፍደናል። ታናሽ ወንድማችን በተወለደ ጊዜ በቅናት የአባታችንን መቀስ ደብቆ ሦስት ቀን ሥራ አስፈትቷቸዋል። የጎረቤት ቆሎ በልቶ፣ ኪሱ ሞልቶ ሳለ፣ «አልበላሁም» ብሏል፤ ማታ ግን እንቅልፍ አጥቶ እናታችንን ቀስቅሶ ተናዟል። ሊበድልም ሊጸጸትም የሚችል ሰው ነው። ጎረቤቶች «እርግማን» ባሉት ጊዜ ከሰው በታች አደረጉት፤ «መልአክ» የሚሉትም ሳያስቡት ከሰው ውጪ ያደርጉታል። ከእርግማን ይሸሻል፤ መልአክም እጅ አስታጥቡኝ፣ ልብሴን እጠቡልኝ፣ ከርስቴ አካፍሉኝ አይልም። ወንድም ግን ይላል፤ መብቱም ነው።

የጓዳው ቀን

አሁን ደግሞ ለመጻፍ የሚከብደንን እንጽፋለን። በ1988 ዓ.ም. ታላቂቱን እኅታችንን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሎች ወደ ቤታችን መጡ። ሙሽራው ከደኅና ቤተሰብ የተወለደ ነበር። እኛ ልጆቹ አስቀድመን በሹክሹክታ መከርን፤ ሽማግሎቹ ወንድማችንን ቢያዩ «በዘራቸው አለ» ብለው ይመለሳሉ ብለን ፈራን። ስለዚህ አንድ ሳህን ቆሎና ትንሿን ሬዲዮ ሰጥተን ጓዳ አስገባነውና በሩን ቆለፍነው። ቁልፉን ያዞረው እጅ ለክህነት በመዘጋጀት ላይ የነበረው እጅ ነው። ይህን በንስሐ ተናዘነዋል፤ ዛሬ በአደባባይ የምንጽፈው ሌላ የሚማርበት ቢኖር ብለን ነው።

ሽማግሎቹ ተቀመጡ፤ ምግብ ቀረበ፤ እጅ ማስታጠብ ተጀመረ። ማንቆርቆሪያው ከአባታችን ወደ እናታችን መጣ፤ ከእርሷ አልፎ ወደ እኅታችን ሲዞር እናታችን እጇን ከውኃው በታች እንደ ዘረጋች ቀረች። ዙሪያውን ተመለከተችና በእንግዶቹ ፊት «ማን ቀረ?» አለች።

መልስ የሰጠ አልነበረም። በዚያ ቤት ውስጥ የጎደለውን ሰው ሁልጊዜ የሚያስተውለው እርሱ ነበር፤ እርሱ ራሱ በጎደለ ቀን ግን ከእናቱ በቀር ያስተዋለለት አልተገኘም። እናታችን ተነሥታ ጓዳውን ከፈተች። ወንድማችን ቆሎውን አልነካም ነበር። የክት ልብሱን ለብሶ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ከበሩ ኋላ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። የተቆለፈበት መሆኑን አላወቀም፤ ተራው ደርሶ እስኪጠራ የሚጠብቅ መስሎት ነበር። «ጠራችሁኝ?» አለ በደስታ።

እናታችን እጁን ይዛ ይዛው ገባች። ያን ጊዜ ከሽማግሎቹ ሁሉ የሚበልጡት አዛውንት ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ኖር!» አሉት። ወንድማችንም እንደ ሥርዓቱ «በእግዜር!» ብሎ መለሰ፤ በአባታችን ጎን ተቀመጠ፤ እጁን ለመታጠብ ዘረጋ። ውኃውን ያፈሰስንለት እጃችን እየተንቀጠቀጠ ነበር። እርሱ ግን እንደ ወትሮው «እደግ» አለን።

ጋብቻው ተፈጸመ። ሆኖም ግን፣ ወዳጆች ሆይ፣ ነገሩ በመልካም ስለ ተጠናቀቀ ብቻ የምንተርከው እንዳይመስላችሁ። ሽማግሎቹ ተቆጥተው ቢመለሱም እናታችን ትክክል ነበረች። ወንድምን ጓዳ ቆልፎ የሚገኝ ክብር የተሰረቀ ክብር ነውና። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ክርስቶስ አካል ሲያስተምር ደካሞች የሚመስሉት የአካል ክፍሎች እጅግ እንደሚያስፈልጉ ይናገራል (1ኛ ቆሮ. 12፡22)። ያለ እነርሱ ምሉዕ አይደለንም ማለቱ ነው። በዚያች ዕለት ቤታችን በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ ጎዶሎ ነበር።

መደበቅ የድሃ ወይም ያልተማረ ሰው በሽታ ብቻ አይደለም፤ አለመደበቅም የባለጸጋ ዕድል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 አገራችንን የጎበኙት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሻርል ደ ጎል ይህ ሁኔታ ያለባት አን የምትባል ሴት ልጅ ነበረቻቸው። በዘመኑ እንዲህ ያሉ ልጆችን ከቤት ማራቅ የተለመደ ሲሆን እርሳቸውና ባለቤታቸው ግን ከወንድሟና ከእኅቷ ጋር በቤታቸው አሳደጓት፤ እ.ኤ.አ. በ1948 በሃያ ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ አልተለዩዋትም። እርሷን ለመሳሰሉ ልጃገረዶችም መኖሪያ አቋቁመዋል። እናታችን ስለ እነርሱ የሰማችው ነገር አልነበረም፤ ሁለቱም ቤቶች ግን የተማሩት ከአንድ ወንጌል ነው።

ዛሬ

አባታችን በ1994 ዓ.ም.፣ እናታችን በ2008 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ወንድማችን ዛሬ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። የሚኖረው በዚያች እኅታችን ቤት ነው፤ የፈራናቸው አማቾች ቤት ሆነውታል። ድሮ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ብዙዎች በልጅነታቸው ይሞቱ ነበር፤ ከሚወለዱት ግማሽ የሚሆኑት የልብ ችግር አለባቸውና። ሕክምና በተስፋፋባቸው አገሮች ግን ዛሬ በአማካይ እስከ ስድሳ ዓመት ይኖራሉ። ዕድሜው ሲረዝም ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል። የመርሳት በሽታ በእነርሱ ላይ ከሌላው ሰው ቀድሞ ይደርሳል፤ ከበሽታው ጋር የተያያዘ አንድ ዘር በዚያው በ21ኛው ክሮሞዞም ላይ ስለሚገኝ ነው።

በወንድማችንም ላይ ይኸው ደርሷል። በመጀመሪያ ለቡና መጥራት ተወ። ቀጥሎ የጫማውን ግራና ቀኝ አጣ። አሁን አንዳንድ ቀን ስማችንን አያውቅም፤ አንድ ቀን እኛን «አባ» ብሎ እጃችንን ሊሳለም ጎንበስ ሲል እንደ ልጅ አለቀስን፤ ካህኑን እንጂ ወንድሙን አላየም ነበርና። እኅታችን በሌሊት ሁለትና ሦስት ጊዜ ትነሣለች። በባሕር ማዶ ያለችው እኅታችን ገንዘብ ትልካለች፤ ገንዘብ ግን በሌሊት አይነሣም። ስለዚህ ታናሽ ወንድማችንና እኛ ተራ ገብተናል። ዘግይተን ነው የገባነው፤ ለብዙ ዓመታት ሸክሙን ለአንዲት እኅት ትተን «እግዚአብሔር ይስጥሽ» እያልን ኖረናል። ምርቃት ልብስ አያጥብም።

ባለፈው የልደት በዓል ሁላችንም በእኅታችን ቤት ተሰበሰብን። ማዕዱን ባረክን፤ እጃችንንም ወደ መሶቡ ሰደድን። ጋሼ በወንበሩ ተቀምጦ መስኮቱን ያያል፤ «ማን ቀረ?» የሚል አልነበረም። ያ ዝምታ ከባድ ሆነብን። በዚህ ጊዜ የእኅታችን የልጅ ልጅ፣ ገና ሰባት ዓመት ያልሞላት፣ ከእንጀራው ጠርዝ ቆርሳ ለብቻው አስቀመጠችና «ይሄ ባሕር ማዶ ላለችው እትዬ ነው፤ እርሷ ቀርታለች» አለች። ማን እንዳስተማራት ስንጠይቃት በጣቷ ወደ ወንበሩ አመለከተች። እርሱ የረሳውን ሕፃኗ ይዛዋለች። ያን ጊዜ ተነሥተን ማንቆርቆሪያውን አመጣን፤ እጁንም አስታጠብነው። ውኃው ሲነካው ፊቱ በራ። ማን እንደ ሆንን ላያውቅ ይችላል፤ «እደግ» ማለትን ግን አልረሳም።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ወንድማችን በቤታችን የሠራውን ሥራ እኛ በቁምስናዎቻችን ልንሠራው ይገባናል። እሑድ ቤተክርስቲያኑ ሞልቶ ስናይ ደስ ይለናል፤ ዘጠና ዘጠኙ ዓይን ይሞላሉና። ነገር ግን በየሰፈራችን የተቆለፉ ጓዳዎች የሉምን? «ሰው ይረብሻል» ተብሎ ቅዳሴ የማይመጣ፣ «አይገባውም» ተብሎ ቁርባን ያልተቀበለ፣ በኀፍረት ከሰርግና ከልቅሶ የሚቀር ወንድም ወይም እኅት የለምን? እኛ ካህናት በጉብኝታችን ጊዜ «ልጆቻችሁ ደኅና ናቸው?» ብለን ብቻ አንለፍ፤ «ማን ቀረ?» ብለን እንጠይቅ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን እንዲህ ያለውን ልጅ ከሌሎቹ ጋር አስቀምጣችሁ አስተምሩ፤ ምናልባት እርሱ ዝም በሉ ብሎ ወደ ቀዩ መብራት ያመለክታችሁ ይሆናል።

ወላጆች ሆይ፣ ስለ ልጃችሁ የወደፊት ኑሮ በሕይወት ሳላችሁ ከልጆቻችሁ ጋር በግልጽ ተመካከሩ። እናንተም ወንድሞችና እኅቶች፣ ሸክሙን ለአንድ ሰው አትተዉ፤ ተራ ግቡ። ልቡን፣ ጆሮውንና ዓይኑን በሐኪም አስመርምሩለት፤ የመርሳት ምልክት ስታዩ «ያው ድሮም እንዲህ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ከሁሉ በላይ ግን ዕድሜው የሚገባውን መጠሪያ ስጡት። ታላቅ ከሆነ ታላቅ ነው።

በቀኑ መጨረሻ ሁላችን ወደ አንድ ማዕድ እንጠራለን። ጌታ ስለ ታላቁ እራት በተናገረው ምሳሌ (ሉቃ. 14፡15-24) ባለቤቱ ቤቱ እንዲሞላ ይፈልጋል፤ ድሆችንና አካለ ስንኩላንን ያስመጣል፤ ገና ስፍራ እንዳለም ይነገረዋል። በዚያ ቀን በሩ ላይ ቆሞ ፊታችንን አንድ በአንድ እየተመለከተ የሚጠብቀን ማን እንደሚሆን በልባችን እንገምታለን። እኛ ቆልፈንበት የነበረው እርሱ እንዳይቆልፍብን እናውቃለን፤ መሶቡን በክንዱ ይዞ ይጠብቀናል።

ለጠፋው በግ የወጣ መልካሙ እረኛ ጓዳዎቻችንን ይክፈት፤ ዓይናችንንም ለጎደለው ያንቃልን። ጸጋውና ሰላሙ ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።